የካርድ ውፍረት ያህል

ሞተሩ ደህና ነው። ይነሳል፣ ይጮኻል፣ ጭሱን ይተፋል። እምቢ ያለው መሄድ ብቻ ነው።

ፈቲሀ ይህንን ለሙባሪክ በምን አፏ እንደምትነግረው ስታወጣ ስታወርድ የቡታጅራን ዋና መንገድ አጋመሰችው። ፓምፑን በቃጫ ጆንያ ጠቅልላ፣ በአሮጌ አንሶላ እንደ ሕፃን ጀርባዋ ላይ አዝላዋለች። ብረት መሆኑን የሚያውቀው ወገቧ ብቻ ነው። ወሩ ኅዳር ነበር። ከመስቃን የገባው በርበሬ በየደጁ ተሰጥቶ መንገዱን ዳርና ዳር አቅልቶታል፤ አላፊ አግዳሚው ያነጥሳል።

ብርቄ ከለስላሳ ሱቋ ደጃፍ ባዶ ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣ አየቻት።

«ኧረ ፈቲሀ፣ ያዘልሽው የማን ልጅ ነው?»

«የወንድሜ።»

«ዱባይ የተወለደው? ወፍሯል እኮ።»

«አየሩ ተስማምቶት ነው።»

ብርቄ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ የተቋረጠው ፈቲሀ ወደ የት እንደምትታጠፍ ስታይ ነው። የብርቄ ሱቅና የሙባሪክ ጋራዥ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ፈቲሀ ደግሞ እዚህ ግድግዳ ጋ ስትደርስ አራት ዓመት ሙሉ መንገዱን ተሻግራ በዚያ ማዶ ነበር የምታልፈው። ለምን እንደምትሻገር ከተማው ያውቃል።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች ከበሩ ቆማ።

ሙባሪክ ከአንድ ገበሬ የመስኖ ሞተር ሥር ቀና አለ። ፊቷን አየ፤ ወዲያው ዓይኑን ደረቷ ላይ ወደተቋጠረው አንሶላ ወሰደው፤ እዚያ ማረፍ የሚቀለው ይመስል።

«ወአለይኩም ሰላም። ከባድ ነው፤ ላውርድልሽ?»

«አንተ ከሥር ደግፈው፤ እኔ እፈታዋለሁ።»

ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ የተነጋገሩት ይህንን ነው።

ወንድሟ ራምዚ ዱባይ ባሕር ዳር የውሃ ላይ ሞተር ሳይክል ያከራያል። እሷም ዐረብ አገር ልሂድ ብላ ፓስፖርት ያወጣች ጊዜ፣ «አንቺ አትምጪ፤ እኔን የሚያበላኝን ልላክልሽ» ብሎ አንድ ያገለገለ በኮንቴይነር ጫነላት። ከተማው «የውሃ ዶቅዶቄ» አለው። ፈቲሀ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ወስዳ፣ ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ሰዎች እያከራየች ራሷን ቻለች። ነጂ አልቀጠረችም። ሱሪዋን ለብሳ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ራሷ ታስነሳዋለች፤ ብሎኑንም ራሷ ታጠብቃለች። ከመስከረም ወዲህ ግን ሞተሩ እየጮኸ ዶቅዶቄው ካለበት የማይነቃነቅ ሆነ።

ጆንያውን ገልጣ አሳየችው።

«ይሄኛው እንደ ጀልባ በውጭ የሚዞር ፕሮፔለር የለውም። ውሃውን ከሆዱ ሥር ይስበዋል፤ በዚህ ቧንቧ አድርጎ በኋላው ይተፋዋል። የሚገፋው ትፋቱ ነው። ፕሮፔለሩ ውስጥ አለ። አየኸው?»

«አየሁት።»

«በክንፎቹና በቧንቧው ልባስ መካከል እንዲህ መስፋት አልነበረበትም። የዝዋይ አሸዋ በልቶታል። ውሃው በዚያ በኩል ተመልሶ ይሾልካል።»

ሙባሪክ ጣቱን ከተተና አንድ የተጠመጠመ ነገር ጎትቶ አወጣ። ረጅም፣ ነጭ፣ እርጥብ ቃጫ ነበር።

«ይሄንንስ?»

«ማሰሪያ ገመዴ ነበር። እሱን ያበላሁት እኔ ነኝ።»

ከንፈሩ ለመሳቅ ዳዳና ተወው። ድሮም እንዲህ ነበር፤ ሳቁን እንደ ሰው ዕቃ በጥንቃቄ ነበር የሚያነሳው። ፈቲሀ ያንን ማስታወሷ አናደዳት።

«ራምዚ አዲሱን ልባስ ለአረፋ ከመጣ ሰው ጋር ልኮልኛል። የረሳው ቁልፉን ነው። ፕሮፔለሩ ከሚያዞረው ዘንግ፣ ከአልቤሮው የሚፈታው በውስጥ በኩል፣ ጥርስ ባለው ቁልፍ ነው። አዲስ አበባ አስጠየቅሁ፤ የለም።»

ሙባሪክ የፕሮፔለሩን የውስጥ ጥርስ በጣቱ ጫፍ ቆጠረው፤ በክር ስፋቱን ለካው።

«ከአሮጌ የመኪና አክሲል ይወጣል» አለ። «ይቀጠቀጣል።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ፈቲሀ ዓይኗን ወደ ፓምፑ መለሰች። የሙባሪክ አባት ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ አያቱም፣ የአያቱም አባት። የዚህ አገር ገበሬ ሁሉ ያረሰው በእነሱ ማረሻ፣ እንሰቱን የቆረጠው በእነሱ ቢላ ነው። ልጁን ግን አይድርላቸውም። አጥንት ይቆጠራል።

«ነገ ነይ» አለ ሙባሪክ። «ዛሬ መብራት የዚህ ሰፈር ፈረቃ አይደለም። ማራገቢያው አይሠራም።»

«ሐሙስ ሐይቁ ላይ መድረስ አለብኝ።»

«ሐሙስ ምን አለ?»

«ዓርብ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ከወልቂጤ፣ ለሸረፋ። የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ነው።» ጨመረችበት፦ «ሦስተኛቸው ነው።»

ሙባሪክ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ከጸዳም በኋላ መጥረጉን ቀጠለ።

ሸረፋ ክፉ የማይወጣው ሰው ነው። በወጉ ላከ፤ በወጉ እምቢ ተባለ፤ በወጉ መልሶ ላከ። አባቷ ሃጂ ሰይዶ ከበርበሬ መጋዘናቸው ደጃፍ እያሳላቸው የነገሯት እንዲህ ብለው ነበር፦ «ሽማግሌ ሦስተኛ ሲመጣ ያለ ምክንያት እምቢ የምልበት አፍ የለኝም። ያ ብረትሽ ከተራመደ ምክንያት አለኝ፤ ልጄ ሥራ ላይ ናት፣ ሐይቅ ላይ ናት፣ ወልቂጤ አትገባም እላቸዋለሁ። ከቆመ ግን እሺ ማለቴ ነው። እኔም ደክሞኛል፣ ፈቲሀ።»

አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻል ነበር፤ ቁጣን መልስ ይሰጡታል፣ ድካምን ምን ይሉታል?

ይህንን ለሙባሪክ ስትነግረው አንገቱን ደፍቶ ሰማት። ስትጨርስ ወደ ጓዳ ገባና በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። የአያቱ ወናፍ ነበር፤ ሁለት የፍየል ቆዳ ከረጢት፣ አፉ ላይ የሸክላ ቱቦ። ደንበኛ እንዳያየው ከጎማ ክምር ጀርባ ነበር የሚያስቀምጠው።

«የሚነፋልኝ አጎቴ ነበር። ታሟል።»

ፈቲሀ ከአጠገቧ የነበረችውን አጭር በርጩማ ወደ ምድጃው ሳበች።

«መንገዱ ክፍት ነው፣ ፈቲሀ። ያዩሻል።»

«እኔም አያቸዋለሁ።»

ተቀመጠች። ቆዳው ደርቆ ነበር፤ መጀመሪያ አልታዘዛትም። ቀስ እያለ ለሰለሰ። ግራ፣ ቀኝ፤ ግራ፣ ቀኝ። ከሰሉ ቀላ፤ ብረቱ ቀላ። አንድ የበርበሬ ጆንያ የተሸከመ ሰውዬ ሸክሙን ሳያወርድ ቆሞ አየ። ሁለት ሴቶች አለፉ፤ ተመልሰው አለፉ። ብርቄ ከበሯ ብቅ ብላ፣ ለቀልድ የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋችው። የሃጂ ሰይዶ ልጅ የቀጥቃጭ ወናፍ ስትነፋ ያየ ሰው ቡታጅራ ውስጥ አልነበረም።

ሙባሪክ ቀና ብሎ አላያትም። መዶሻው ግን የእጆቿን ምት ተከትሎ ነበር የሚወርደው። ፈቲሀ ክንዷ ዝሎ፣ ፊቷ በላቦት ታጥቦ፣ በመጨረሻው ግራና ቀኝ ላይ አንድ ነገር ተሰማት፤ አራት ዓመት ሙሉ ያን መንገድ ስትሻገር የደከማት እግሯ አልነበረም።

*

በማግስቱ ቁልፉ ያለ ድካም ገባ። ሙባሪክ አልቤሮውን በሞርሳ አጥብቆ ያዘ፤ ፈቲሀ ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክታ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ፕሮፔለሩ እንደ ግትር ሰው ድምፅ አሰምቶ ለቀቀ። የክንፎቹን ጫፍ በሞረድ አስተካከሉ። አሮጌውን ልባስ በመጋዝ ምላጭ ሰንጥቀው በቁራጭ በቁራጭ አወጡት።

አዲሱን ማስገባቱ ነበር ጭንቁ። ልባሱ ከሚገባበት የፓምፑ ቤት በጥቂቱ ይወፍራል። ራምዚ ከዱባይ ደወለ።

«ቤቱን ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ልባሱን በረዶ ውስጥ ክተቱት። ከዚያ በጣውላ አስደግፋችሁ ዙሪያውን እኩል ምቱ። አንዱ ጎን ከቀደመ አለቀ፣ ተጣመመ ማለት ነው። ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ቆይ፣ እኔ ‹ምቱ› የምለው ማንና ማንን ነው?»

«መካኒክ አለ።»

«የቱ መካኒክ?»

«ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ራምዚ» አለችና ዘጋችው። ሙባሪክ ወደ ግድግዳው ዞሮ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሞረድ ሲፈልግ ነበር። ሞረዱ እጁ ውስጥ ነበር።

በረዶውን ያመጣችው ብርቄ ናት፤ በረዶ ስባሪ የሞላ ባልዲ አንጠልጥላ ገባች።

«ለሠርግ ነው ለሐዘን?»

«ለልባስ ነው» አለች ፈቲሀ።

«ይሁን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አሉ» ብላ ባልዲውን አስቀመጠችና፣ ስትወጣ የጋራዡን በር እንደነበረው ወለል አድርጋ ተወችው። ይህ የብርቄ ደግነት ነው፤ የተዘጋ በር ወሬ እንደሚወልድ ታውቃለች።

ቤቱ ፀሐይ ላይ ሞቀ፤ ልባሱ በረዶ ውስጥ ቀዘቀዘ። ሙባሪክ ጣውላውን ያዘ፣ ፈቲሀ መታች። ግማሽ ላይ አንዱ ጎን ሊቀድም ሲል ሁለቱም በአንድ ጊዜ «ቆይ» አሉ። ሙባሪክ ጣውላውን አዞረ። ልባሱ ቁጭ አለ።

ኩሽኔታዎቹን በአዲስ ግራሶ ሞልተው ፕሮፔለሩን መለሱት። አሁን የቀረው መለካት ነበር። ፈቲሀ ከቦርሳዋ የተፋቀ የሞባይል ካርድ አወጣች። ራምዚ ያስተማራት ነው፤ በየክንፉ ጫፍና በልባሱ መካከል ካርዱ እየተፋተገ ካለፈ ልክ ነው፤ ከላላ ሰፍቷል፤ ከቆመ ይነካካል።

ሙባሪክ ፕሮፔለሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞራል፤ እሷ ካርዱን ታስገባለች። ራሶቻቸው ተቀራርበዋል። የግራሶና የከሰል ሽታ አለው። የመጀመሪያው ክንፍ አለፈ።

«ሙባሪክ።»

«እ።»

«ለምንድን ነው መልሰህ ያልላክኸው?»

«ምኑን?»

«ሽማግሌ። አንዴ ላክህ። ከዚያ ዝም አልህ።»

«እምቢ ተባልኩ እኮ።»

«በመጀመሪያው እሺ የተባለ ማን አለ? አባቴ እናቴን ሲጠይቅ ሦስቴ ነው የላከው። በሁለተኛው ውሻ ነው የለቀቁባቸው። አንዱ ሽማግሌ ጫማውን ጥሎ ነው የሮጠው።»

ሙባሪክ አልሳቀም። ፕሮፔለሩን ለሁለተኛው ክንፍ አዞረላት።

«ያ ለእናንተ ነው» አለ ድምፁን ሳይቀይር። «እናንተ እምቢ ስትባባሉ ለወጉ ነው። እኛን እምቢ ሲሉን እምቢ ነው። አያቴ ለአጎቴ ብሎ እንደ እናንተ ያለ ቤት አንዴ ልኮ ነበር። ሽማግሌዎቹ ገና አጥሩን ሳያልፉ፣ የቤቱ ሰዎች የተቀመጡበትን በርጩማ ከኋላቸው አጠቡት። የውሃውን ድምፅ እየሰሙ ነው የሄዱት። አጎቴ እስከ ዛሬ አላገባም። እኔ ሁለተኛ ብልክ ሽማግሌዎቼን ማስሰደብ ነው ብዬ ነው።»

ፈቲሀ ካርዱን ከክንፉ ሥር አላወጣችውም።

«እኛ ቤት ማንም አላጠበም» አለች። «ያንተ ሽማግሌዎች የሄዱ ዕለት በርጩማዎቹን ላስገባ ስል እናቴ ተይ አለችኝ። ‹በሚመጣው ዓርብ ይመለሱ የለ› አለች። በሚመጣው ዓርብ አልመጡም። ከዚያ በኋላ ባለውም። በርጩማዎቹን ያስገባናቸው ዝናብ ሲመታቸው ነው።»

ከውጭ የጋሪ ደወል ተሰማና ራቀ።

«እኔ እኮ ያለቀ መስሎኝ ነው» አለ ሙባሪክ።

«እኔ ደግሞ የተውኸኝ መስሎኝ ነው።»

አልተላቀሱም፣ እጅ ለእጅም አልተያያዙም፤ በሩ ክፍት ነበር። ፈቲሀ የተሰማት ደስታ አይደለም። ሰው ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ ሲደርስ አቋራጭ እንደነበረ ሲነግሩት የሚሰማው ዓይነት ዝለት ነበር። ካርዱን ሳበችው። እየተፋተገ ወጣ።

«ልክ ነው» አለች። «ቀጣዩን አዙር።»

*

ሐሙስ ጠዋት ፓምፑን መልሰው የገጠሙለትን ዶቅዶቄ ከፈቲሀ ቤት አይሱዙ ላይ ጭነው ዝዋይ ደረሱ። ሙባሪክ ሐይቅ በቅርብ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ጫማውን አወለቀና ውሃው ከማይደርስበት ራቅ አድርጎ አስቀመጠ፤ ከዚያ ዞር ብሎ አየና ይበልጥ አራቀው።

አሣ አስጋሪዎቹ ፈቲሀን ያውቋታል።

«ዶቅዶቄሽ ዛሬስ ቁርሱን በልቷል?»

«በልቷል። እናንተን እንዳይደግም።»

ገፍተው ውሃ ውስጥ አስገቡት። ወጣችበት፤ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ጮኸ። መሪውን ጨበጠች። ጮኸ፣ ጮኸ። ዶቅዶቄው እንደ ታመመ በሬ ትንሽ ወደፊት ተንፏቀቀና በቃኝ አለ።

አስጋሪዎቹ መሳቅ ተዉ። ይህ ከሳቃቸው ይብስ ነበር።

ፈቲሀ ሞተሩን አጠፋች። ዓይኗ ውስጥ የመጣው የአባቷ ቤት ምንጣፍ ነበር፤ ነገ የሚነጠፈው። የሸረፋ ሱቅ መጣ፤ ወልቂጤ፣ በመደርደሪያ የተደረደረ መለዋወጫ፣ ከመደርደሪያው ኋላ እሷ። ለማልቀስ እንኳ አቅም አጣች።

«ፈቲሀ» ሙባሪክ ከዳር ጠራት። «መልሰሽ አስነሺው። ዝም ብለሽ አስነሺው።»

አስነሳችው። ሙባሪክ መዋኘት አይችልም። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበና ገባ፤ ውሃው ሱሪውን አለፈው፣ ወገቡን አለፈው። በአንድ እጁ የዶቅዶቄውን ጎን ጨምድዶ ይዞ ጎንበስ አለ። በጎኑ በኩል የአየር እንክብሎች እንደ ሽንብራ እየተንከባለሉ ይወጣሉ። ከእነሱ ጋር አንድ ነጭ ክር ወጣ። ያዘው።

ቃጫ ነበር።

ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ» አለ። «ፓምፑ ከሆዱ ጋር የሚጋጠምበት አሮጌው የጎማ ማሸጊያ፣ ጎሚኒው ተበልቶ ነበር። አንቺ ግራሶ ልታመጪ ስትሄጂ በቃጫ ደፈንኩት። በግራሶ ነክሬ። የገበሬውን ፓምፕ ሁሉ የምደፍነው በዚያ ነው፤ አንዱም አፍስሶብኝ አያውቅም።»

«የገበሬው ፓምፕ ይሄንን ያህል አይስብም፣ ሙባሪክ። ስቦ በላው። አየር እየጠጣ ነው።»

«አሁን ገባኝ።»

«እንዳትነግረኝ ምን ከለከለህ?»

«ዳግመኛ የሚጎድል ነገር አለ እንዳልልሽ ነዋ» አለ። «ፊትሽ ደክሞት ነበር።»

ፈቲሀ አየችው። ወገቡ ድረስ በማያውቀው ውሃ ውስጥ፣ አንድ ክር ቃጫ በጣቶቹ ይዞ ቆሟል። አራት ዓመት ያጠፋባት ይኸው ነገሩ ነበር። ላለማስቸገር ብሎ ዝም ማለቱ። ልትጮኽበት አስባ፣ የሞተሩ ጩኸት እንደሚበቃ ታያት።

«ውጣ» አለችው። «ብሎኖቹ አራት ናቸው። ውጣና ፍታ።»

ጎትተው ከዳር አወጡት። ከአስጋሪዎቹ አንዱ ለመንሳፈፊያ የሚጠቀምበትን አሮጌ የመኪና ውስጠኛ ጎማ አምጥቶ ጣለላት። «ይሄን ያህሉን ቁረጪ፤ የቀረው ለኔ» አለ። ፈቲሀ በቢላ ቆረጠች፤ ሙባሪክ ቀዳዳዎቹን በሳ። አሁን ግን እያንዳንዱን ነገር ከማድረጉ በፊት ይነግራታል። «እዚህ ጋ ሰፋ ላድርገው?» «አድርገው።» «ይሄኛውን ላጥብቀው?» «አጥብቀው።» ሰውዬው አፉ የተፈታ ይመስል።

ሁለተኛ ስታስነሳው ድምፁ ሌላ ነበር። ጩኸቱ ወረደና ወፈረ። መሪውን ጨበጠች፤ ከወገቧ ሥር የሆነ ትልቅ እጅ ገፋት። ዳሩ ሸሸ። አባ ኮዳ ወፎቹ ከድንጋያቸው ተነሱ። ሐይቁ መሃል ደርሳ አጠፋችው።

ጸጥ አለ። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስም ብሏታል። ግን ከደስታው በፊት የመጣው እንቅልፍ ነበር፤ ጭንቅላቷን መሪው ላይ ጥላ ትንሽ ቆየች። ከዳር አንድ ትንሽ ሰው በርጥብ ሱሪ ቆሞ፣ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ይጠብቃታል። አንዴም እጁን አላወረደም።

ስትመለስ ገመዱን ተቀበላት።

«ሄደ» አለች።

«ሄደ። አየሁት።» ገመዱን ካሰረ በኋላ መልሶ ፈትሾ አሰረው፤ ከፓምፑ አፍ አራቀው። «እንግዲህ ነገ ተገላገልሽ።»

«ከሸረፋ ተገላገልኩ።»

«ሌላስ ምን ቀረሽ?»

«እኔ ምንም አልቀረኝም። የቀረህ አንተ ነህ።» ሻሿን ፈታ ውሃውን ጨመቀችና መልሳ አሰረችው፤ ይህንን ስትል ፊቷን እንዳያየው። «አንዴ ልከሃል። ሁለት ይቀርሃል።»

ሙባሪክ ዓይኑን ወደ እግሩ ጣለ። ከሱሪው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ደክሞኛል፣ ፈቲሀ» አለ በመጨረሻ። «አጥንቴ አልተለወጠም። በርጩማውን ቢያጥቡትስ?»

«እኔም ደክሞኛል» አለችው። «ቢያጥቡት መልሼ አቧራ አስነካዋለሁ።»

በመንገድ አልተነጋገሩም። አይሱዙው ሲነጥራቸው ትከሻቸው ይነካካል፤ ሁለቱም ይቅርታ አይጠይቁም።

*

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ከወልቂጤ መጡ። ሃጂ ሰይዶ ነጭ ለብሰው ተቀበሏቸው። እናቷ ሰፍያ በርጩማዎቹን ከዛፉ ሥር ደርድራለች።

ጠዋት አባቷ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሄደ?»

«ሄደ፣ አባ።»

«ብቻሽን ሆነሽ?»

«ብቻዬን ነዳሁት። ብቻዬን አልጠገንኩትም።»

ሌላ አልጠየቁም።

ፈቲሀ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆማ ሰማች። ሰላምታው ረዘመ፤ ዝናቡ፣ በርበሬው፣ የአረፋው በግ ተነሳ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ጉዳዩን አነሳ። አባቷ ሳላቸው እስኪበርድ ጠበቁ።

«ልጄ ሐይቅ ላይ ሥራ አላት። ሥራዋም ቆሟል ሲባል ትናንት ተራምዷል። ወልቂጤ አትገባም። ሸረፋ ከኔ ልጅ የተሻለች አያጣም።»

«ሃጂ» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ፣ «ሦስት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሽማግሌ ሰምተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ነውሩ የኔ ነው። የናንተ አይደለም።»

ሳይመርቁ ወጡ። ሰፍያ እስከ አጥሩ ሸኘቻቸው፤ ስትመለስ ማንንም ሳታይ ወደ ውስጥ ገባች። ሃጂ ሰይዶ ብቻቸውን ከዛፉ ሥር ቀሩ። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ያረጁ መሰሉ። ፈቲሀ ወጣች። በርጩማዎቹን ለመሰብሰብ አንዱን አነሳች።

«ወናፍ ስትነፊ ያየሽ ሰው ሁሉ መጥቶ ነግሮኛል» አሉ አባቷ፣ ዓይናቸውን ከአጥሩ ሳያነሱ። «እስከ ዛሬ ሰላም ብሎኝ የማያውቅ ሰው ሳይቀር።»

ፈቲሀ በርጩማውን እንደያዘች ቆመች።

«ልጁ ያን ጊዜ ለምን ተመልሶ አልላከም?» አሉ አባቷ።

«በርጩማውን ያጥቡታል ብሎ።»

ሃጂ ሰይዶ ይህንን ሲሰሙ ዓይናቸውን ከአጥሩ መለሱ። ማን ቤት እንደታጠበ የሚያውቁ ይመስላሉ። ሳላቸው መጣ፤ ሄደ።

«ሁለተኛ ቢመጡ ኖሮ ምን እንደምላቸው አላውቅም ነበር» አሉ። «ስንት ዓርብ አስቤበታለሁ። አሁንም አላውቅም፣ ፈቲሀ። አልዋሽሽም።»

«እሺ፣ አባ።»

ወደ ውስጥ ልታስገባው አንድ እርምጃ ተራመደች።

«ተይው» አሉ። «በርጩማውን ተይው። እዚያው ይሁን።»

ፈቲሀ መለሰችው። አንዱ እግሩ ጉድጓድ ላይ አርፎ ዘመመባት፤ ጎንበስ ብላ አፈሩን በመዳፏ ደለደለችና፣ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ በሁለት እጇ ያዘችው።